የጄኔሬተሩ ውለታ

በዚያ ዓመት ክረምቱ አጥሮ ወጣ። በልጉም ቀረ። ግድቦቹ ጎደሉ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። ሳሊተ ምሕረት ሰፈር አንድ ቀን በርቶ አንድ ቀን ይጠፋ ነበር፤ በበራበትም ቀን ኃይሉ የአናጺውን የአቶ መኩሪያን የእንጨት ማሽን ማዞር ያቅተዋል። ሁለት ሠራተኞች አሰናበቱ። ግንቦት ላይ ሚስታቸው ወርቅዬ አረፈች።

ድንኳኑ የተተከለ ዕለት የሰፈሩ ተራ የጨለማ ነበር። ፎቅ ቤት ያለው ጎረቤታቸው፣ ነጋዴው ኢያሱ፣ ጄኔሬተሩን አስገፍቶ አመጣና ድንኳኑ ደጃፍ፣ መጪው ሁሉ በሚያየው ቦታ ገተረው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሲያጓራ አመሸ። የቄሱ ጸሎት አልተሰማም። ለቀስተኛውም ስለ ሟቿ ማውራቱን ትቶ ስለ ጄኔሬተሩ ጉልበት ሲያወራ አመሸ።

በሳልስቱ አቶ መኩሪያ የነዳጁን ዋጋ ይዘው ሄዱ። ኢያሱ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ "ለለቅሶ ገንዘብ? እግዜር አያሳየኝ!" አለ። አለመቀበሉን እስከ አያት ሰፈር ድረስ ያልሰማ አልቀረም። ጠረጴዛ ሠርተው ላኩለት፤ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እድሩ በተሰበሰበ ቁጥር፣ "እኔ ባልኖር ጋሽ መኩሪያ በጨለማ ነበር የሚያለቅሱት" ይላል። ሽማግሌው አቀርቅረው ይሰማሉ። የሰው እጅ አይተው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ይህ ውለታ ጉሮሯቸው ላይ እንደ አጥንት ቀረ።

ዘመኑ ተገለበጠ። ግድቡ ሞላ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ የቤንዚን መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። "ውሃ ላይ የተንጠለጠለ አገር!" እያለ ሲሳደብ የኖረው ኢያሱ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛና ሰባኪ ሆኖ ቁጭ አለ።

"ከመብራታችን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ አዳማ ደግሞ ነፋሱ አለ" ይላል እድር ላይ። "ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ! አየሩን የምናጠራው እኛ ነን።"

አነጋገሩን ለሰማ ዝናቡንም ያዘነበው እሱ ይመስላል።

የልጁ የሀይሚ ሰርግ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኢያሱ መኪናውን በዝግታ እየነዳ መጥቶ አናጺ ቤቱ ደጃፍ አቆመ።

"ጋሽ መኩሪያ፣ እንደምን አደሩ? አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ቸገረህ?"

"ባትሪዋ አልቋል። የድግሱ ምድጃ በዝቶ የቤቴ ቆጣሪ አልቻላትም፤ ሦስቴ መብራቱን ቆረጠው። አያት ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ወረፋው አያልቅም። እርስዎ ትልቅ ኃይል የሚችል የማሽን መስመር አለዎት። ሙሽሪትን በዚች ነው የምወስዳት ብዬ ላገር አውርቻለሁ።"

"ማውራትህን እንኳ ሰምቻለሁ።"

ኢያሱ የብር እስር አወጣ። አቶ መኩሪያ አላዩትም። ማሽናቸውን አጠፉ።

"ገንዘብህን ክተት። የእድሩን ዳኛ ጥራ።"

"ዳኛ? ለቻርጅ?"

"ውለታህን ሰባት ዓመት በሰው ፊት ቆጥረኸዋል። ስከፍልም ሰው ይይ። ካልሆነ መኪናህን በአህያ አስጎትት።"

ኢያሱ ቢስቅ ቢለማመጥ አልሆነለትም። ሄዶ የእድሩን ዳኛ አቶ ገብረአምላክን ይዞ መጣ። ዳኛው ሳቃቸውን አፍነው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ያን ጊዜ ለስንት ሰዓት ነበር የበራው?" አሉ ዳኛው።

"ኧረ ጋሼ፣ ውለታ በሰዓት ማን ይቆጥራል!" አለ ኢያሱ።

"አንተ" አሉ አቶ መኩሪያ። "አራት ሰዓት ሙሉ እያልክ ስታወራ አይደል የኖርከው?"

ሦስት ሰዓት ላይ ገመዱ ተሰካ። ኦሎምፒያ ላለ ቢሮ በዚያው ቀን መድረስ የነበረባቸውን በሮች አናጺው ለሰኞ አቆዩአቸው። ኢያሱ ዝም ማለት አልሆነለትም።

"አዩ፣ ይሄ ነው ንጹህ ኃይል ማለት..."

"ይህ ማሽን አንተ ከመስበክህ በፊት ሃያ ዓመት በውሃ ሠርቷል። ማንም አላጨበጨበልኝም።"

ሰባት ሰዓት ሲሆን አቶ መኩሪያ ተነሥተው ገመዱን ነቀሉ።

"ኧረ ጋሽ መኩሪያ! ገና ስልሳ በመቶ ላይ ናት። ሦስት ሰዓት ብቻ ቢጨምሩልኝ ትሞላ ነበር።"

"እጨምርልሃለሁ። እሱ ግን የኔ ውለታ ነው። በየወሩ እድር ላይ ተነሥቼ ላወራው እችላለሁ።"

ኢያሱ ዳኛውን አየ። ዳኛው ጣሪያውን አዩ። ኢያሱ ገመዱን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ወረወረው።

"አቶ መኩሪያ የአራት ሰዓት መብራት ዕዳ ነበረባቸው፤ መልሰዋል" አሉ አቶ ገብረአምላክ ተነሥተው። "በሚመጣው ስብሰባ ለአባላቱ እናገራለሁ። አንተስ፣ ተቀብለሃል?"

"ተቀብያለሁ" አለ ኢያሱ የመኪናውን በር እየከፈተ።

"ወደ እኔ ዞረህ ንገረኝ" አሉ አቶ መኩሪያ።

ዞሮ ነገራቸው።