ሁለቴ የተጻፈው ስም

ሐቢባ ቀለሙን ያየችው ሐሙስ ጠዋት የልጇን የአሚናትን ፊት ስታጥብ ነው። ከደጇ ፊት ለፊት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ ትልቁ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ግንዱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ ምልክት ተቀብቶበታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። አሻግራ ብታይ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ አሥራ አንዱም ዛፎች ተቀብተዋል።

«እማ፣ ዛፋችንን ማን ቀባው?» አለች አሚናት።

የሐቢባ ዓይን ከቀለሙ በታች ያለው ጠባሳ ላይ ቀረ።

ጠባሳው የዓምና ነው። ወደ ሰሜን ከሚያልፉት ትልልቅ የጭነት መኪኖች አንዱ ፍሬን እምቢ ብሎት ከመንገዱ ወጣ። አሚናት በዚያ ሰዓት ከዛፉ ጀርባ ተቀምጣ የቁንዶ በርበሬውን ቀያይ ፍሬ በክር ትሰካ ነበር። መኪናው ዛፉን መታው። ዛፉ ተንቀጠቀጠ፣ ቅርፊቱ ተላጠ፣ አልወደቀም። ሐቢባ እየጮኸች ስትወጣ ልጅቱ ቅጠል እንደ ዝናብ ወርዶባት፣ ክሯን እንደያዘች ቆማ አገኘቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐቢባ የመኪና ጡሩንባ በሰማች ቁጥር ልቧ ከቦታው ይነሳል። «ያረቢ አንተው ጠብቃት» ትልና መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥላ ዛፉን ትፈልጋለች። ሁለቱንም ካየች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ጎረቤቷ ጥሩሰው ነጠላዋን አገጯ ላይ ጠቅልላ መንገዱ ዳር ቆማለች።

«አየሽልኝ እታለም?» አለቻት ሐቢባ።

«አየሁ እንጂ! እኔማ መጀመሪያ ለበዓል ያሸበረቁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ ሊቆርጡት ኖሯል።»

«ማን አለ?»

«የቀበሌው ጥበቃ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ የመብራት ምሰሶም ሊቆም ነው አለ። ነገ ከአምባሰል ቆራጮች ይመጣሉ። ደሞ ምን አለኝ መሰለሽ? ሕዝቡ ፈርሟል።»

«የቱ ሕዝብ?»

«እኔም እሱን ጠየቅኩት። እኔስ ሕዝብ አይደለሁም ወይ ብዬ ብጠይቀው ስቆብኝ ሄደ።»

ሐቢባ ቢሮ የምትገባ ሴት አልነበረችም። ወረቀት ያለበት ጉዳይ ሁሉ የባሏ የኑርዬ ነው። ኑርዬ ግን ገና ሳይነጋ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቁ ላይ ወጥቷል፤ ቢኖርም «ዝም በይ፣ ጊዜው ክፉ ነው» ከማለት እንደማያልፍ ታውቃለች። ስለዚህ አሚናትን ለጥሩሰው ሰጥታ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወደ ቀበሌ ሄደች።

ሊቀመንበሩ ጓድ አሻግሬ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። የሐቢባን የሠርግ ቀሚስ የሰፋው እሱ ነው። ሊቀመንበር ከሆነ በኋላም እርሳስ ጆሮው ላይ የመሰካት ልማዱን አልተወም።

«ግቢ ሐቢባ! መብራት ሊገባልሽ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «ከእንግዲህ በኩራዝ ጭስ ፊደል መቁጠር ቀረ።»

«መብራቱን ማን ጠላ፣ ጓድ አሻግሬ። ምሰሶው በወዲያ፣ በሐይቁ በኩል ባዶ መሬት አለለት። ዛፎቹ ከተነሱ ግን መኪናው ቤታችን ነው የሚገባው። ዓምና የሆነውን አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ ያለቀ ነው። ሕዝቡ ተስማምቷል፤ ሠላሳ ሁለት ሰው ፈርሟል።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ደግሞ ከሁሉ ቀድመሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ምነው ረሳሽው?»

ሐቢባ ጎንበስ ብላ አየች። ስሟ ነው። የትም ብታየው አታጣውም። የቢ እግር ወደ ታች ወርዳ ባን ልትረግጣት ደርሳለች። ከሥሩ ደግሞ ያው ስም፣ ይኸኛው ቀጥ ብሎ ተጽፏል።

ነገሩ ትዝ አላት። ከሁለት ሳምንት በፊት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያቸው ማዕረግ ንጹሕ ወረቀት ይዛ ገብታ ነበር። «ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ተዉና ስማችሁን በተራ ጻፉ። ሊቀመንበሩ የትምህርቱን ውጤት ለአውራጃ ሊያሳይ ነው» አለቻቸው። ሐቢባ ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። ስትጨርስ ግን ጽሑፉ ተጣሞ አየችና ፊቷ ቀላ። «እንዲህ ሆኖ አውራጃ አይሄድም፣ ያሳፍረኛል» ብላ አስተማሪዋን ለምና ከሥሩ ደግማ ጻፈችው። ያን ቀን ቤቷ የገባችው እየሮጠች ነበር።

አሁን ያ የአራት ጣት ባዶ ቦታ በታይፕ ጽሑፍ ተሞልቷል።

«ምን ይላል?» አለች።

«ረጅም ነው፣ ተይው። ያደክምሻል።»

ሐቢባ አልተወችውም። ጣቷን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረች። ከመማሪያ መጽሐፏ ሌላ አንዳች ነገር አንብባ አታውቅም። ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል።

«እኛ... ስማችን... ከዚህ በታች... የተ... የተዘረዘረው... ነዋሪዎች... የመንገድ ዳር ዛፎች... እንዲ... ቆ... ረ... ጡ...» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል።»

አሻግሬ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። «እንዲህ አንባቢ አውጥተናላ!»

«ይህን አልፈረምኩም።»

«ስሙ ያንቺ አይደለም?»

«ስሙ የኔ ነው። ከላይ ያለው የኔ አይደለም። ስሜን መልሱልኝ።»

«ስም ይመለሳል እንዴ?»

«እንግዲያው ይሰረዝ።»

«የመንግሥት ሰነድ አይሰረዝም።»

«እሺ» አለች ሐቢባ። «ሠላሳ ሁለት ሰው ግን አትበሉ። ሁለቱ እኔ ነኝ።»

አሻግሬ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና አየ። ሐቢባ፣ ሐቢባ። ከዚያ በፊት አላስተዋለውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐቢባ፣ ልጅ አለሽ። ልማት የሚቃወም ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ልጅ ስላለኝ ነው የመጣሁት።»

ይህን ብላው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ እንደ ወትሮው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ የሊቀመንበሩ እናት እማማ ባንቺአየሁ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ከሰሌዳው አይርቁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከስማቸው የጨረሱት ሁለት ፊደል ነው። ያኔም ወረቀቱ ላይ ሲጽፉ ማዕረግ እጃቸውን ይዛ ነበር ያስጨረሰቻቸው።

ሐቢባ ተነስታ ያነበበችውን ለሴቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ማዕረግ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ።

«በማርያም፣ አላወቅኩም» አለች። ከደሴ የዘመተች ለጋ ልጅ ናት። «ለውጤት ነው ብለውኝ ነው።»

«እኔ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ብጽፍ ዛፍ ልቆርጥበት?» አለች ጥሩሰው። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«ስማችንን ያለቦታው ወስደውታል» አለች ሐቢባ። «እኛ ደግሞ ቦታው ላይ እንጻፈው። ዛፎቹ ላይ።»

አንዷ «ቢያስሩንስ?» አለች።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ሐቢባ። «ወላሂ ከሁላችሁም በላይ የምፈራው እኔ ነኝ። ግን መኪናውን ይበልጥ እፈራለሁ።»

ማዕረግ የጠመኔውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳውን ታጠፋ ጀመር። ንጹሑን ሰሌዳ ደጋግማ አጠፋችው። ስትዞር ካርቶኑ ባዶ ነበር።

ዓርብ ፀሐይ ስትወጣ ሠላሳ አንዱም ሴቶች መንገድ ዳር ነበሩ። በየዛፉ ሁለትም ሦስትም ሆነው፣ በቀዩ ቀለም ዙሪያ፣ በጥቁሩ ቅርፊት ላይ ስማቸውን በነጭ ጠመኔ ጻፉ። ሐቢባ ከጠባሳው በታች ጻፈች። አንድ ጊዜ ብቻ። ትንሽ ተጣመመባት፤ ተወችው።

ቆራጮቹ ሦስት ሆነው ደረሱ። ታላቃቸው አያ ኑርሁሴን የሚባሉ ሽበታም ገበሬ ናቸው። ምሳራቸውን ከትከሻቸው አውርደው የመጀመሪያውን ዛፍ፣ የሐቢባን ዛፍ፣ ቃኙ። ምሳሩን አነሱት። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ። አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። «ክታብ ነው? የትኛው ሸህ ናቸው የጻፉት?»

ሌሎቹ ሁለቱም ምሳራቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊደል የቆጠረ በመካከላቸው አልነበረም፤ በአገራቸው ደግሞ ዛፍ ላይ የተጻፈ ነገር ክታብ እንጂ ሌላ ሆኖ አያውቅም። ክታብ የመታ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከልጅነታቸው ሰምተዋል።

ጥሩሰው የሐቢባን ጎን በክርኗ ወጋች። «አዎ በያቸው! በቃ፣ አለቀ!» ብላ ሹክ አለች።

ሐቢባ አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን የሰው ውሸት ከስሟ በላይ ተጽፎ ያየችው ትናንት ነው።

«የለም አያ፣ ክታብ አይደለም» አለች። «ስሜ ነው። ሐቢባ ይላል። የጻፍኩትም እኔው ነኝ።»

ጥሩሰው ራሷን ያዘች። «አበላሸችው!»

ሽማግሌው ግን ምሳሩን አላነሱም። ቀረብ ብለው ጽሑፉን አዩት፤ እሷንም አዩአት። «ይኸ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ያ ደግሞ ጥሩሰው ነው። ያም ኡሙሰልማ። ሁሉም ሰው ነው።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ አያ ኑርሁሴን። «እንግዲያው ባሰ። ክታብ ቢሆን ሸሁ ዘንድ ሄጄ አስፈታው ነበር። የሰው ስም ግን ባለቤቱ ቆሞ እያየኝ እንዴት እመታለሁ? ልጆች አሉኝ እኮ ልጄ።» ምሳሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ከዛፉ ሥር ቁጭ አሉ። ሁለቱም ተከትለዋቸው ተቀመጡ።

አሻግሬ በጥበቃው ታጅቦ እየተጣደፈ መጣ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ቁረጡ!»

«ጌታዬ፣ ሰው አለበት» አሉ አያ ኑርሁሴን።

«የምን ሰው? ጠመኔ ነው!»

«ጠመኔ ከሆነ እርስዎ ይምቱት።»

አሻግሬ ምሳሩን ከጭናቸው ነጠቀ። ሐቢባ ጀርባዋን ለዛፏ ሰጥታ ስለቆመች እሷን አልፎ ሄደ። በሁለተኛው ዛፍ ጥሩሰው እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። እሷንም አለፈ። ሦስተኛው ዛፍ ፊት ማንም የለም። ምሳሩን ሊሰነዝር አነሳና ቆመ። ከዓይኑ ትይዩ፣ ከሁሉም የገዘፈና የተንቀጠቀጠ ጽሑፍ አለ። «ባን» ይላል። ሌላ የለውም።

ከግንዱ ጀርባ እማማ ባንቺአየሁ በበትራቸው ተደግፈው ብቅ አሉ። «ልጨርሰው ነበር» አሉ። «ሦስተኛዋን ፊደል ገና አልያዝኳትም።»

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስሜን እጠብቃለሁ። ተማሪ ብለህ የላክኸኝ አንተ አይደለህ? ምታው እንግዲህ።»

ከቆራጮቹ አንዱ ሳቁን ለመዋጥ ሳለ። አሻግሬ ምሳሩን መሬት ላይ ጣለው።

ሐቢባ ከዛፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለየች። ልቧ መኪና ሲመጣ እንደሚመታው ይመታል። ሄዳ ፊቱ ቆመችና እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን።»

«ሐቢባ፣ አውራጃ ይጠብቀዋል።»

«ይጠብቅ። ወረቀቱን።»

ሰጣት። እርሳሱንም ከጆሮው ላይ አንስታ ወሰደች። ወደ ዛፏ ተመልሳ ወረቀቱን ጠባሳው ላይ አስደግፋ ስሟን ሰረዘች፣ ሁለቱንም። ለጥሩሰው አቀበለች። ጥሩሰው ለኡሙሰልማ። ወረቀቱ ከዛፍ ዛፍ ዞሮ ወፍጮ ቤቱ ደርሶ ሲመለስ ሳይሰረዝ የቀረው ከግርጌው ያለው የአሻግሬ የራሱ ፊርማ ብቻ ነበር።

«አሁን ለአውራጃ ምን ልበላቸው?» አለ።

«የቀረውን ያንብቡላቸው» አለች ሐቢባ።

ሰኞ ቀበሌ ጠራት። እህል ይቀመጥበት በነበረው ክፍል ሁለት ቀን አሰሯት፤ «ማን አነሳሳሽ?» እያሉ ጠየቋት። «ማንም፤ አንብቤ ነው» አለች፤ ሌላ መልስ አላገኙባትም። አሚናት ጥሩሰው ቤት ሰነበተች። ኑርዬ በሦስተኛው ቀን ሊወስዳት መጥቶ መንገዱን ሁሉ ዝም አለ፤ ደጃቸው ሲደርሱ ግን በኪሱ የያዘውን ጠመኔ አውጥቶ ሰጣት።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ በየቀኑ ጠመኔውን ያጥበዋል፤ ሴቶቹ በየጠዋቱ መልሰው ይጽፉታል። ሐምሌ ላይ ምሰሶ የጫነ መኪና መጣና በሐይቁ በኩል አራገፈ። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳቸውም። መንገዱም በዚያው ጥበቱ ቀረ። እማማ ባንቺአየሁ ሦስተኛዋን ፊደል ይዘው አራተኛዋን ጀምረዋል።

አንድ ጠዋት አሻግሬ ሲያልፍ ሐቢባን ከዛፏ ሥር አገኛት፤ አሚናት ከጎኗ ፍሬ ትለቅማለች።

«አሁንም ትጽፊያለሽ?» አላት። «ምሰሶው እኮ በወዲያ ቆመ።»

ሐቢባ ሳትዞር የባን እግር ጨረሰች። ቀጥ ብላለች።

«ቀዩ ቀለም አልለቀቀም» አለችው። «እሱ እስካለ እኔም አለሁ።»