የወጥ ቤቱ በር መቃን

የማርተን ዓይን አውጣነት! ለጀናት ደውሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቅዳሜ ቤቱን ለጎብኚ እንከፍታለን። መጥተሽ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለሽ ሹራብ ብትሠሪልንስ? ቤቱ ሕይወት ያስፈልገዋል።»

ሕይወት! ራሱ አይደል እንዴ ሕይወቱን ጠራርጎ ያስወጣው?

ሻርሎይስ በሚባል የሆላንድ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ የተደረደሩት እነዚያ ትንንሽ የሸክላ ቤቶች ድሮ በእጃቸው ሹራብ ለሚሠሩ ሠራተኞች የተሠሩ ናቸው። መስኮታቸው የሰፋው ክሩ በደንብ እንዲታያቸው ነው። ጀናት አንዱን ተከራይታ ልጇን ኑስራን እዚያው አሳድጋለች። አምና የአከራዩ ድርጅት ሰው ማርተን መጣና «ለጥገና ነው፤ ሲያልቅ ትመለሻለሽ» ብሎ በጣፋጭ አፉ አግባብቶ አስወጣቸው። ጥገናው አለቀ፤ ቤቱ ሙዚየም ሆነ። እሷ ቭላርዲንገን በሚባል ሌላ ከተማ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅላ ቀረች።

«አትሂጂ ማማ፣ መሳቂያ ያደርጉሻል» አለች ኑስራ።

«እሄዳለሁ! ቤቴን ሰው ፊት እጠይቀዋለሁ። ወላሂ አልለቀውም! አንቺም ትመጫለሽ።»

ቅዳሜ ቤቱ በሰው ጢም አለ። ጀናት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች፤ ከንዴቷ ብዛት ክሩን እያጠበቀችው መርፌው አላልፍ ብሏታል። ሰዉ ፎቶ ያነሳታል። ማርተን ደግሞ አፉን ሞልቶ ያስረዳል።

«ማሽን ሲመጣ የቤቶቹ ባለቤት እነዚያን ምስኪን ሹራብ ሠሪዎች በብርድ አውጥቶ ጣላቸው።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለች አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር ሴትዮ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ወይ ጉድ! የተባረረችው ሴት አጠገቧ ተቀምጣ፣ እሷ ለሞቱት ታለቅሳለች።

ማርተን ጎብኚዎቹን ወደ ወጥ ቤቱ በር ወሰዳቸው። መቃኑ ላይ ሰው እንዳይነካው ብርሃን አስተላላፊ መስታወት ተለጥፏል፤ ከመስታወቱ ኋላ የእርሳስ መስመሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተሰምረዋል። «ይህ ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሹራብ ሠሪዎቹ ልጆች ቁመት ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።»

የጀናት ደም ፈላ። ብድግ ስትል ልቃቂቱ ከጭኗ ወድቆ ተንከባለለ።

«ውሸት!» ብላ በሆላንድኛ ጮኸች። «ያሰመርኩት እኔ ነኝ! በየዒዱ አዲስ ልብሷን አልብሼ ልጄን የለካሁበት ነው! ኑስራ፣ ነይ ቁሚ!»

ኑስራ አንገቷን ደፍታ መጣችና ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጥታ ቆመች። ከአምናው መስመር አልፋለች፤ አናቷ ከመስታወቱም በላይ ወጥቷል።

«እኔ እኮ... አላወቅሁም» አለ ማርተን።

«ምን ታውቃለህ! ለሞቱት ታዝናላችሁ፣ እኛን በቁማችን ታስወጡናላችሁ። ትመለሻለሽ አላልከኝም? ካድ እስቲ!»

«ብለሃታል?» አለች ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞራ።

ጀናት ከሹራብ ቦርሳዋ እርሳስ አወጣች።

«አይነካም! ቅርስ ነው!» አለ ማርተን።

«በደንብ አስምሪው፣ ማማ» አለች ኑስራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ጀናት በልጇ አናት ልክ፣ ከመስታወቱ በላይ ባለው ባዶ እንጨት ላይ አሰመረች። ከዚያ መዳፏን ለማርተን ዘረጋችለት።

«ገና ታድጋለች» አለችው። «ቁልፌን አምጣ።»