ታርጋዬ ድልድዩን ሲሻገር

የእህቴ ባል ዩኒፎርሙን የሚያስተኩሰው እኔ ላውንደሪ ነው። እህቴ ጥላው ከጠፋች በኋላም ማምጣቱን አልተወም። ሸሚዙን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ፣ "እትዬ፣ ኮሌታውን ጠንከር አድርጊልኝ" ይለኛል፣ እንደ ጨዋ ሰው። እኔም እቀበለዋለሁ። ምን ላድርግ? እምቢ ብል ይጠረጥራል።

ፖሊስ ጣቢያ "ንስሩ" ነው የሚሉት። ሥራው ካሜራ ክፍል ነው። በየመንገዱ የተተከሉት ካሜራዎች የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታርጋ ያነባሉ፤ የተሰረቀ ወይም የሚፈለግ መኪና ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ይጮሃል፣ ፓትሮል ይወጣል። ሐቁን ለመናገር ጥሩ ነገር ነው። የጎረቤቴን የዳቦ ቤቱን ሰውዬ መኪና ሌቦቹ ሳይበታትኑት ያስመለሰለት እሱ ነው። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ መረቀው፣ እኔም አብሬ መረቅሁት። ምላሴን በቆረጠው።

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ትንሿ፣ እህቴን ነው፣ ክንዷ ተሰብሮ የመጣች ቀን "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" አለችኝ። በሌላ ጊዜ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ። ደረጃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጣት ያበቀለው? "ብትሄጂ አገኝሻለሁ፣ ሳገኝሽ እገድልሻለሁ" ብሏታል፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። ተረኛው ሳቀብኝ። "ንስሩን? የባልና ሚስት ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው፣ እናቴ" አለኝ። የአህያን አቤቱታ ለጅብ!

ስለዚህ ከድልድዩ ማዶ፣ ድሮ እኔ ጋ ትተኩስ በነበረች ሴትዮ ቤት ደበቅኳት። ስልኳን አስጣልኳት። ብልጥ ነኝ ብዬ፣ አንሶላ የማደርስ መስዬ በላውንደሪዬ መኪና እየተሻገርኩ አያት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሸሚዙን ሊወስድ መጣ።

"ድልድዩ ማዶ ደንበኛ አገኘሽ እንዴ፣ እትዬ?"

"ምን?"

"ሐሙስ ሐሙስ ትሻገሪያለሽ። ነዳጅ በዚህ ዋጋ።" ፈገግ አለ። "የዘመድ ታርጋ ሲያልፍ ደስ ይለኛል።"

ክው አልኩ። የኔን ታርጋ ቁጥር ከሌቦቹ ቁጥር ጋር አስገብቶታል ማለት ነው። እህቴ ያለችበትን እኔው በገዛ እጄ፣ በገዛ ጎማዬ ስነግረው ከርሜያለሁ።

"ሆቴል ነው" አልኩት።

"እዚያ ሆቴል አለ?" ሸሚዙን ክንዱ ላይ ጣል አደረገ። "ለማንኛውም ነገ ማዶ ፍተሻ አለን። የተሰረቁ መኪኖች እዚያ ይደበቃሉ ይባላል። ቤት ለቤት ነው የምንገባው።" አመስግኖኝ ወጣ።

የቆሻሻ ልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ማዶ ያሉት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያለችን አክስት ድንበር ማዶ ናት፤ የሱ ሥልጣን እዚያ አይደርስም። ግን አውቶቡሱ ድንበሩ ጋ የሚደርሰው ሲመሽ ነው፤ እስከዚያ ሰውዬውን ሌላ ቦታ ማዋል ነበረብኝ። ካሜራው ደግሞ የሚያነበው ታርጋ እንጂ ልብ አይደለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሻገርኩ። ትንሿን ቀሰቀስኳት፣ ኋላ ባለው መንገድ ወደ አውቶቡሱ እንድትሄድ ነገርኳት። እሱ በሩቅ የሚለየውን ቀይ ሻርፗን ከራሷ ላይ ፈታሁት።

"እትዬ፣ አንቺስ?" አለችኝ።

"እኔን ምን ያደርገኛል? የሚፈልገው አንቺን ነው።" ውሸቴን ነው። አቀፈችኝ። የዳነው ክንዷ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

የሆቴል አንሶላ ጠቅልዬ የፊት ወንበር ላይ አቆምኩት፣ ቀበቶ አሰርኩለት፣ ሻርፑን አለበስኩት። ጎንበስ ያለች ሴት መሰለ። ስመለስ ድልድዩ ላይ ቀስ አልኩ፤ ካሜራው በደንብ ያንሳኝ ብዬ። ከዚያ አውቶቡሱ ከሄደበት በተቃራኒ ባለው አውራ ጎዳና ወጣሁ።

በየካሜራው ምሰሶ ሥር ሳልፍ ፍጥነቴን ቀነስ አደርጋለሁ። ሦስተኛውን እንዳለፍኩ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። አላነሳሁትም። ደጋግሞ ጠራ፣ ከዚያ ተወው። መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ መጣብኝ ብዬ ፈራሁ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ከተማው አልቆ ሜዳ ሲጀምር የራሱን መኪና በመስታወት አየሁ። ብቻውን ነው። መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገልኝ፤ ዳር ያዝኩ። ወርዶ በተሳፋሪው በኩል መጣና በሩን ከፈተ። ጥቅሉን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሻርፑን አንስቶ አሸተተው።

"የት አለች?" አለ፣ ያንኑ የላውንደሪ ድምፁን።

አውቶቡሱ ገና ግማሽ መንገድ አልሄደም። አላውቅም ብል ወዲያው ወደ ማዶ ይመለሳል።

"ከፊት ናት" አልኩት። "የኔን ታርጋ እንደምታነብ ስለማውቅ በሌላ ሰው መኪና አስቀደምኳት። ይሄ ላንተ ነው የተጠቀለለው።" ከዚያ አለቀስኩ። ማልቀሱ እንኳ የእውነቴን ነበር። "አትግደላት። እወስድሃለሁ፣ ብቻ አትግደላት።"

ትንሽ አየኝና ሳቀ። ብልሃቴን የደረሰበት መስሎት ደስ አለው። ጥቅሉን ወደ ኋላ ወረወረው፣ የራሱን መኪና ቆልፎ ተመለሰና አጠገቤ ቁጭ አለ። ስልኬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

"ንጂ" አለኝ።

ነዳሁ። በዚያ መንገድ ጫፍ የማውቀው ቤት የለም፣ የማውቀው ሰው የለም። ሻርፑን ጭኑ ላይ አድርጎ እያጣጠፈ ይፈታዋል፣ መልሶ ያጣጥፈዋል።

"ብዙ ይቀረናል?"

"ትንሽ ነው" አልኩት።

ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ነበረች። የነዳጁን ቀስት አየሁት፤ እስኪመሽ፣ ትንሿ ድንበሩን እስክትሻገር ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩም፤ ባስብ እጄ መሪውን ይለቅ ነበር። እግሬን ከነዳጁ ላይ በትንሹ አላላሁና መንዳቴን ቀጠልኩ።