አርባ ሁለተኛዋ ሰከንድ

ሂላ ጥፋቷን አምና አታውቅም። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። በስድስት ዓመቷ የጎረቤት መስኮት በኳስ ስትሰብር «መስኮቱ ያለ ቦታው ነው የተሠራው» ብላ ተከራክራለች፤ ወታደር ሳለች ጂፕ ከግንብ ጋር አላትማ ግንቡን ከሳለች። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከሃይፋ ወደብ ብዙም በማይርቅ ቢሮ ተቀምጣ ኢንተርኔት የጠፋባቸውን ሰዎች በስልክ ትረዳለች። ሰው ደውሎ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይመልከቱልኝ» ትለዋለች። በቀን አርባ ጊዜ ሳትለው አትቀርም።

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በወላጆቿ ራውተር ላይ ዘመተች። ራውተሩ፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያዳርሰው ሣጥን፣ አሮጌ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ከቡፌው ጀርባ ተሸጉጦ ይኖራል። ዋይፋዩ እናቷ ዘርፈሽ ውላ እስከምታመሽበት ማእድ ቤት አይዘልቅም። ሂላ ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ሶፍትዌር አጥፍታ፣ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በነጻ የሚያድሉትን ሌላ ሶፍትዌር ጫነችበት። ራውተሩ ነፍስ ዘራ። በዚያው ምሽት ማእድ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይሠራ ጀመር። «አላልኳችሁም?» ብላ፣ ማንም ሳይከራከራት ተከራክራ አሸንፋ ተኛች።

አርብ ጠዋት ራውተሩ አበደ።

ይነሣል፤ መብራቱ ይርገበገባል፤ ከዚያ ይረጋል። አሁንስ ተሳካ ሲባል የዋይፋዩ መብራት ብልጭ ይልና ሁሉም ድርግም ይላል። ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሂላ በስልኳ ሰዓት ለካችው። ከተነሣ በአርባ ሁለተኛዋ ሰከንድ ይሞታል። አሥር ጊዜ ብትለካውም ያው አርባ ሁለት ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ባልቸኮለች። ግን አርብ ነው፤ ዘርፈሽ ደግሞ በየአርቡ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ጎንደር ካለችው ታላቅ እህቷ ከባፈና ጋር በታብሌት ትገናኛለች። ባፈና ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ እየጠበቀች አርጅታለች። ሁለቱ እህትማማቾች «ሰንበት ሰላም» ሳይባባሉ ሰንበት ገብቶባቸው አያውቅም። ባለፈው አርብ ባፈና የተነጋገረችው ተኝታ ነበር፤ ድምፅዋም ደክሞ። ዘርፈሽ ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ሰነበተች። የእጅ ስልኳ እንደ ድሮው ባለ ቁልፍ ነው፤ ለሃይፋ ዘመድ እንጂ ለጎንደር አይሆንም።

«ተሠራ?» አለች ዘርፈሽ ከማእድ ቤት።

«ሬጋ፣ እማ። ትንሽ ጠብቂኝ።»

«ትናንት እኮ ደህና ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉት እውነት ነው።»

«እኔ ምንም አላደረግኩም። ራውተሩ ነው አሮጌ።»

እናትየው ለራሷ ሳቀች። ይህን መልስ ትጠብቀው ነበር።

ሂላ ካልሆነላት በገዛ ስልኳ እህትማማቾቹን ልታገናኛቸው ትችላለች፤ በሐኑካ በዓል ጊዜም ራውተሩ ሲጠፋ እንዲሁ አድርጋለች። ግን ያ ለእሷ ሽንፈት ነው። ስምንት ሰዓት እስኪሆን ጊዜ አለኝ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባቷ ውድነህ ከወደቡ ገባ። የበር ጥበቃ ነው፤ የጠዋት ተራውን ጨርሶ፣ ጃኬቱ በዝናብ ርሶ። ሌላ ቀን ሂላን ወለል ላይ በሽቦ ተከባ ቢያገኛት፣ «ምነው፣ ግንቡ ደግሞ ምን አደረገሽ?» ሳይላት አያልፍም። ዛሬ ምንም አላላትም። ቆሻሻውን ሳይነገረው አወጣ፤ ተመልሶም ማእድ ቤት ገብቶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ።

«ምን ሆነዋል ዛሬ?» አለች ዘርፈሽ።

«ምን እሆናለሁ። እጄ ቢፈታ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ አንገቱን ወደ ኮሪደሩ ብቅ አድርጎ፣ «ካልሆነ ለዛሬ ተይው፣ ልጄ» አላት።

ተይው መባል ለሂላ በእሳት ላይ ጋዝ ነው። ባሰባት።

አዲሱ ሶፍትዌር ለክፉ ቀን የሚሆን መውጫ አለው። ራውተሩ ሊነሣ ሲል፣ መብራቱ መርገብገብ እንደ ጀመረ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቢጫኑት፣ ዋይፋዩንም ሌላውንም ትቶ በባዶ ሆዱ ይነሣል። ሂላ ኮምፒውተሯን በገመድ አያይዛ ቁልፉን ተጫነችው። አርባ ሁለተኛዋ ሰከንድ አለፈች። አምስት ደቂቃ ሆነ፤ አሥር ሆነ። ሐሙስ ያስተካከለችውን ሁሉ ደምስሳ እንደገና አስነሣችው። አሁንም አልሞተም። ደስ ብሏት ዋይፋዩን አበራችው፤ ድርግም አለ።

ሦስት ጊዜ ደገመችው። ዋይፋዩ ሲጠፋ ይኖራል፤ ሲበራ ይሞታል። ሂላ ጉልበቷን አቅፋ አሰበች። ዋይፋይ ሲበራ ራውተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው፤ ያጠረው ጉልበት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው። በቀን አርባ ጊዜ ለሰው የምትለውን አንድ ጊዜ ለራሷ ሳትል ግማሽ ቀን ፈጀች።

ቡፌውን ገፋ አድርጋ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰድዳ ከግድግዳው ላይ ኤሌክትሪክ የሚመግበውን አዳፕተር ነቀለችው። አገላብጣ አነበበችው። ግማሽ አምፔር ይላል። የራውተሩ የራሱ አዳፕተር ግን ሁለት አምፔር ነው፤ ደግሞም ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል። የቀባችው ራሷ ናት፣ ዓምና። የወላጆቿ የራስጌ መብራት አዳፕተር ጫፉ ከራውተሩ ጋር አንድ ስለሆነ እንዳይቀያየር ብላ ነበር። ያን ጊዜ አባቷን ጠርታ፣ «አባ፣ ቀዩ የራውተሩ ነው። የመብራቱን ከሰካህበት ይነሣል ይወድቃል፣ ይነሣል ይወድቃል። ምን እንደ ሆነም ሰው አያውቅም» ብላ አስጠንቅቃዋለች።

ወደ ወላጆቿ መኝታ ክፍል ገባች። ቀዩ አዳፕተር በእናቷ በኩል፣ ከራስጌው መብራት ጋር ተሰክቷል። መብራቱን ብትጫነው እንደ ወትሮው በራ።

ውድነህ ሰገነቱ ላይ ተቀምጧል። ከታች የወደቡ ክሬኖች በዝናቡ ውስጥ ይታያሉ። ሂላ ትንሹን አዳፕተር ከፊቱ ዘረጋችለት።

«አባ፣ ይኼን የቀየርከው አንተ ነህ?»

ውድነህ አዳፕተሩን እንጂ እሷን አላየም። «በራሱ አይሄድም» አለ።

«ለምን? ጠዋቱን ሙሉ እኮ...»

«በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው።

«ባፈና ዐረፈች» አለ ውድነህ። «ሐሙስ ነው። ማረው ደውሎ የነገረኝ ትናንት ማታ፣ እናንተ ራውተሩን ከባችሁ ስትስቁ ነው። ደረጃው ላይ ወጥቼ ነው የሰማሁት። ዛሬ በጎሕ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት ቀየርኩት።»

ማረው የዘርፈሽ የአጎቷ ልጅ ነው፤ ሃይፋ አጠገብ ክርያት ያም የሚኖር ሽማግሌ። ሂላ እርጥቡ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አክስቷን በአካል አይታት አታውቅም፤ የምታውቃት በታብሌት፣ ግንባሯን ወደ ካሜራው በጣም አስጠግታ ስትመርቃት ነው። ቢሆንም አለቀሰች።

«እማ ሳታውቅ እንዴት ትውላለች? እህቷ እኮ ናት።»

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ አባቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቻዋን ቆማ፣ ሽንኩርት በእጇ ይዛ፣ ከመስታወት ውስጥ የሰው ለቅሶ ድንገት ይውረድባት? እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ደግሞ ሰንበት ደርሷል፤ ሰንበት ሐዘን አይቀበልም። እሑድ ሲነጋጋ ማረውና ሽማግሎቹ ይመጣሉ። ሰው ይዟት፣ ሰው ደግፏት ትስማ።»

«ገመዱን ብትነቅለው አይበቃም ነበር?»

«ራሷ ትሰካዋለች።»

«ለእኔስ ብትነግረኝ?»

«ሁለት ሰው የያዘውን ምስጢር ሦስተኛው ከፊታቸው ያነበዋል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «ሥራሽ ሳይበላሽ እንደ ተበላሸ አስመስዬ አዋልኩሽ። ለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሂላ በልቧ ተከራከረች። በእሷ ዓለም ሰው ሲሞት ወዲያው ይጻፋል፤ ፎቶው ይለጠፋል፤ ከሥሩ የተሰበረ ልብ ሥዕል ይደረደራል። እሷም ስንት ጊዜ ደርድራለች። ቀዩን አዳፕተር ቦታው ብትመልሰው በአርባ ሁለተኛዋ ሰከንድ ዋይፋዩ ይበራል፤ በአርባ ሦስተኛዋ ታብሌቱ መጮህ ይጀምራል። እናቷም ማእድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ይህን ስታስብ ክርክሩ ጠፋባት።

«ሂላ» አለች ዘርፈሽ ከውስጥ። «ስምንት ሊሆን ነው እኮ። እሱ ካልሆነ በስልክሽ ክፈችልኝ፣ ያን ጊዜ እንዳደረግሽው።»

ሂላ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ገባች፤ አባቷም ተከተላት። ስልኳ በኪሷ ውስጥ አለ፤ ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

«የስልኬ ኢንተርኔት አልቋል፣ እማ» አለች። «ራውተሩም ዛሬ አይሆንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደህናውን ነገር ነካክቼ አበላሸሁት። ይቅርታ።»

ዘርፈሽ እጇን በፎጣ እየጠረገች ነበር። መጥረጓን አቆመችና ልጇን አየቻት። ቆይታ ባሏን አየችው፤ ውድነህ የታጠበ ሳህን አንሥቶ እንደገና ያጥባል።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች። «ባፈና ትረዳኛለች።»

ታብሌቱን ከጠረጴዛው አነሣች፤ በፎጣው ጠረገችው፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው።

ሰንበት ገባ። ዘርፈሽ ነጭ ለብሳ፣ የሰንበቱን ዳቦ አስባርካ ቆረሰች። ለባሏ ሰጠች፣ ለልጇ ሰጠች፣ ለራሷ ወሰደች። አንድ ቁራሽ ደግሞ ከሳህኑ ዳር ለብቻው አኖረች። ቅዳሜን ሙሉ ስትጠየቅ ትመልሳለች፣ ሲቀርብላት ትበላለች። ሂላ አንዴ አቅፋት ልታለቅስ ደርሳ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ውድነህ በሁለት ቀን ውስጥ ያን ያህል ዕቃ ያጠበው በትዳሩ ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ውድነህ ከወንበሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ዘርፈሽ ቀደመችው። ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጫማዋን አውልቃ ነበር። በሩን ስትከፍት ማረው ከሦስት ሽማግሎችና ከሁለት ሴቶች ጋር ቆሟል። የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አይቶ ወደ ውድነህ ተመለከተ።

«ግቡ» አለቻቸው። «ስጠብቃችሁ ነበር። በወጉ ንገሩኝ።»

ማረው በወጉ ነገራት። መጀመሪያ እንደምን አደሩ አላት፤ ቀጥሎ የሰው ልጅ ሁሉ መንገዱ አንድ መሆኑን አነሣ፤ ከዚያ የባፈናን ስም ጠርቶ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። ዘርፈሽ ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቶች ወረዱ፤ ቤቱ በሰው ሞላ።

እንባው ጋብ ሲል ዘርፈሽ ሂላን በእጇ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለች ሂላ።

«አርብ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ስትይኝ። ከወለድኩሽ ጀምሮ ከአፍሽ ሰምቼው አላውቅም።» ፊቷ በእንባ እንደ ራሰ ትንሽ ፈገግ አለች። «ማታ ደግሞ ያ ቀለም የቀባሽው ቻርጀር ራስጌዬ ነበር። አባትሽ ለእኔ ሲል ሌባ ሆነ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰንበት ነዋ። እናንተም ስትለፉልኝ አየሁ፤ ልፋታችሁን ላፍርስባችሁ? በሆዴ አለቀስኩላት።» የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «አሁን ሂጂ፣ መልሰሽ ስኪው። የባፈና ልጆች እናታቸውን ቀብረው የእኔን ድምፅ አጥተዋል። አክስታችን ረሳችን ይላሉ።»

ሂላ መኝታ ክፍል ገብታ ቀዩን አዳፕተር ነቀለች። በለቀስተኛው መካከል አልፋ ቡፌውን ገፋችና ሰካችው። ሐሙስ ያስተካከለችውን ቅንብር ከኮምፒውተሯ መለሰችለት፤ አስነሣችው፤ ተንበርክካ ቆጠረች። መብራቱ ተርገበገበ፤ ረጋ። አርባ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት ላይ የዋይፋዩ መብራት ብልጭ አለ። አርባ ሦስት። አርባ አራት። መብራቱ አልጠፋም።

ቡፌው ላይ በፊቱ የተደፋው ታብሌት መጮህ ጀመረ። ሂላ አንሥታ ሳታየው ለእናቷ ሰጠቻት። ዘርፈሽ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ታብሌቱን እንደ ባፈና ወደ ግንባሯ በጣም አስጠጋችው።

«አለሁ፣ ልጆቼ» አለች። «እንግዲህ አብረን እናልቅስላት።»