ለበረኛ የሚከብደው ሊግ

በበረኛዋ ወንድም ፀጉር ቤት ክርክር የሚዳኘው ምላጭ ስር የተቀመጠው ሰው ነበር። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱ ግን ለሁሉም ግልጽ ነው። ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ፣ ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው አፉን አይከፍትም። አፉን ካልከፈተ አይሳደብም፣ ያለፈውን ዓመት ዋንጫ አያነሳም። ሁለቱም ወገን ተናግሮ ሲያበቃ ዳኛው ከፎጣው ስር እጁን አውጥቶ ጣቱን ያሳያል። አንድ ጣት ቀድሞ ለተናገረው፣ ሁለት ጣት ለተከተለው። ይግባኝ የለም።

ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የየትኛው አገር ሊግ ይበልጣል? የአገሮቹን ስም ትተው ቅጽል አውጥተውላቸዋል። የተጫዋቾቹ ትንፋሽ እንደ ጭስ የሚታይበትና ሣሩ ከስር በቧንቧ የሚሞቀው ሊግ «ብርዱ» ይባላል። ኳስ አጥር ዘላ ባሕር የምትገባበትና በስልክ ካልሆነ የማይታየው ደግሞ «ደሴቱ» ነው። ደሴቱ የሚነሳው ለሳቅ ብቻ ነበር።

እሷን ሰፈሩ «ሙጫ» ይላታል። በረኛ ናት፤ እጇ ላይ ያረፈች ኳስ አትላቀቅም። በዚያ ሳምንት ሁለት ክለቦች ፈልገዋታል። አንደኛው የብርዱ ሊግ ሻምፒዮን ነው፤ ሦስተኛ በረኛ እንድትሆን። ሌላው ከደሴቱ ነው፤ አንደኛ በረኛ እንድትሆን። ለሁለቱም እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለባት። እሷ የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑ በር ላይ መቆም። የብሔራዊ ቡድኑ የበረኞች አሠልጣኝ ደግሞ «ከደካማ ሊግ በረኛ አልጠራም» ብለው በራዲዮ ተናግረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቱን በር ገፍታ ስትገባ፣ እኚሁ አሠልጣኝ እስከ ዓይናቸው ድረስ በአረፋ ተሸፍነው ወንበሩ ላይ ተጋድመዋል። የወንድሟን ፈገግታ ስታይ በአጋጣሚ እንዳልመጡ ገባት።

«ነይ እህት ዓለም፣ በሰዓቱ ደረስሽ» አለ ወንድሟ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ። «ኮችም ዝግጁ ናቸው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው። የፀጉር ቤት ጉዳይ አይደለም።»

«የፀጉር ቤት ጉዳይ ያልሆነ ምን አለ?» አለ ተራውን የሚጠብቀው ባለታክሲ። «እኔ ሚስት ያገባሁት እዚህ ተፈርዶልኝ አይደል?»

«ተፈርዶብህ ነው» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ፋርማሲስት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ክርክሩን ከፈተ። «ነገርን ከሥሩ። የሊጎችን ደረጃ ሰንጠረዥ ይዣለሁ። ብርዱ ሦስተኛ ነው። ደሴቱን ለማግኘት ግን ወደ ታች ስትገፉ ጣታችሁ ይዝላል።»

«ደሴቱ ላይ እኮ ተከላካዮቹ አጥቂ ሲመጣ መንገድ ይለቃሉ» አለ ባለታክሲው። «ልክ ለአምቡላንስ እንደሚለቅ መኪና!»

ወንድሟ የአሠልጣኙን ጉንጭ በሁለት ጣቱ ወጥሮ ምላጩን አሳረፈ። «ብርዱ ውስጥ ውኃ ማቀበል ደሴቱ ላይ አምበል ከመሆን ይበልጣል። አበቃ። ለደሴቱ የሚከራከር አለ?»

ማንም አልነበረም። ከመስታወቱ በላይ የብርዱ ክለብ ሰማያዊ ሻርፕ ተሰቅሏል። ትናንት አልነበረም። እሷ ሳትፈርም ወንድሟ ለሰፈሩ ሁሉ ፈርሞላታል።

«እኔ አለሁ» አለች።

ብዙ ሰው ፊት መናገር አትወድም። ሜዳ ላይ ስትጮህ የሚያውቋት እዚህ ድምጿ ሲያንስ ይገርማቸዋል። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች።

«ሦስተኛ በረኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምትቀመጥ ታውቃላችሁ?»

«ተቀያሪ ወንበር ላይ ነዋ» አለ ባለታክሲው።

«እዚያ የምትቀመጠው ሁለተኛዋ ናት። ሦስተኛዋ ከተመልካቹ ጋር ነው።»

«ቢሆንም የምትለብሰው ካፖርት የክለቡ ነው» አለ ባለታክሲው፤ ራሱ ብቻ ሳቀ።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው» አለች እሷ። «አሁን ስሙኝ። የሁለቱንም ሊግ ጨዋታዎች አይቻለሁ። ኳሷን ትቼ በረኞቹን ብቻ ነው ያየሁት። የብርዱ ሻምፒዮን በር ላይ የምትቆመው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እጇን ስታሟሙቅ ነው የምትውለው። ፊቷ ግንብ አለ። ግንቡን ጥሶ የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው።»

«ጥሩ ሊግ ማለት እሱ አይደል?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ለተከላካይ ነዋ። ደሴቱ ላይ ግን መንገድ ይለቃሉ፤ ባለታክሲው እውነቱን ነው። አጥቂዋ ብቻዋን ትመጣለች። ብትመልሷት እንደገና ትመጣለች። ኳሷ አየር ላይ እያለች ነፋሱ ያጣምማታል። ለአጥቂ የቀለለ ሊግ ለበረኛ ይከብዳል። እናንተ ሊግ የምትለኩት ከፊት ነው። እኔ የምቆመው ከኋላ ነው።»

ወንድሟ መላጨቱን ቀጠለ። አሠልጣኙ መልስ መስጠት እንደማይችሉ አውቃ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች።

«ኮች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የኛ ብሔራዊ ቡድን ተከላካዮች የማንን ይመስላሉ? የብርዱን ግንብ ወይስ የደሴቱን?»

«የደሴቱ ለአምቡላንስ ነው የሚለቁት፤ የኛዎቹማ ሳይረን እንኳ ሳይሰሙ ነው የሚለቁት!» አለ ባለታክሲው።

የአሠልጣኙ ጉሮሮ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ምላጩን ወደ ላይ አነሳ። «ኮች በፈጠረዎ አይሳቁ! እቆርጥዎታለሁ!»

ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ አሠልጣኙ ከፎጣው ስር እጃቸውን አወጡ። ጣታቸው ለትንሽ ጊዜ ታጥፎ ቆየ። ሲዘረጋ አንድ ብቻ ነበር። ብርዱ።

ወንድሟ እፎይ አለ። «ተፈረደ!»

«ፍርዱን አይቻለሁ» አለች። «አልቀበለውም።»

እንዲህ ያለ ቃል እዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ፋርማሲስቱ እንኳ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ሙጫ! ይግባኝ የለም» አለ ወንድሟ።

«ይግባኝ መቼ አልኩ? አልቀበልም ነው ያልኩት።»

አሠልጣኙ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ወንድሟ ከንፈራቸውን ጠረገላቸው። ግማሽ ፊታቸው ነጭ እንደሆነ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ካልሽው ውስጥ ውሸት የለም» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ግን እኔንም የሚጠይቅ አለቃ አለኝ። አለቃዬ ስልክ ከፍቶ ደሴቱን አያይም፤ የሊግ ስም ነው የሚያየው። ብርዱ ሂጂ፤ ባትሰለፊም እጠራሻለሁ። ደሴቱ ከሄድሽ እጄ የታሰረ ነው።»

«ሲጠሩኝ የት እቆማለሁ?»

«መጀመሪያ ወንበር ላይ ነው የምትሆኚው።»

«እዚያም ወንበር፣ እዚህም ወንበር።» የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ኮች፣ አይጥሩኝ። ግን ይዩኝ። በስልክ ይታያል።»

«ቃል አልገባልሽም።»

«እኔም ቃል አልጠየቅኩም።»

ወንድሟ የአረፋ ብሩሹን እንደያዘ እስከ ደጃፉ ተከተላት። ከብሩሹ የሚንጠባጠበው አረፋ ጫማው ላይ ያርፋል፤ አላየውም። «ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ! ነገ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«በረኛ ናት በላቸው» አለችው። «ሦስተኛም፣ ሁለተኛም ሳትል።»

እዚያው የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆማ ሁለቱንም ደወለች። የብርዱ ክለብ ሰውዬ ጨዋ ነበር። «የየትኛውን ሊግ ጥሪ እምቢ እያልሽ እንደሆነ ገብቶሻል?» ብሎ ጠየቃት። ገብቶኛል አለችው። የደሴቱ ክለብ ጸሐፊ ግን በደስታ ጮኸችና የጓንት ቁጥሯን ጠየቀቻት።

*

ደሴቱ ላይ የሰጧት ክፍል አልጋው ከቁመቷ ያጥራል። በመስኮቱ የሜዳው አጥር ይታያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ውኃ ነው። ከተጫዋቾቹ ውስጥ በኳስ ብቻ የምትኖር እሷ ብቻ ነበረች። የመሐል ተከላካይዋ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ለመጀመሪያው ጨዋታ ስትመጣ ጥፍሯ ስር ገና ሊጥ ነበረ።

በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ጎል ገባባት።

አንደኛው የጋጋሪዋን ጉልበት ነክቶ አቅጣጫ የቀየረ ነው። ሁለተኛው ከክንፍ የተሻገረች ኳስ ናት፤ ነፋሱ ቋሚው አጠገብ ሲደርስ አዞራት። ሦስተኛው እጇ ገብቶ አመለጣት። ሙጫ የሚላት ሰው ሁሉ በዚያች ቅጽበት የሚያያት መሰላት፤ ጆሮዋ ጋለ። አራተኛው ሲገባ መረቡ ውስጥ ያለችውን ኳስ ራሷ አውጥታ ወደ መሐል ሜዳ ላከቻት። በእነዚህ መካከል ብዙ ኳስ አድናለች፤ ግን ያዳኑትን ማንም በሰሌዳ አይጽፍም።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ጋጋሪዋ ካልሲዋን እያወለቀች «አይዞሽ፣ ተሻሽለናል» አለቻት። «ባለፈው ሰባት ነበር።»

ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ነገ ሥራ ስትወጪ ወደ ሜዳ ትመጫለሽ? ከክንፍ አሻግሪልኝ። ነፋሱ ባለበት ሰዓት።»

«ነገ እሑድ እኮ ነው። እተኛለሁ።»

«ከተኛሽ በኋላ።»

ጋጋሪዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «በረኛ ስላልነበረን ነው እንዲህ የሆንነው መሰለኝ» አለች። «እመጣለሁ።»

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት፣ ጋጋሪዋን እየጠበቀች ለወንድሟ ደወለች። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተነሥቶ ከሰላምታ በፊት የባለታክሲው ድምፅ መጣ።

«ሙጫ! ደካማ ሊግ ነው ብለን ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን! አራት ያገባ ሊግ ደካማ ሊባል አይገባም!»

«ዞር በል ከዚህ!» የሚለው ወንድሟ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ነሽ? ስሚኝ፣ ለብርዱ ክለብ ሰውዬ ደውዬ ነበር። ቦታው ገና አልተያዘም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት። ተሳስቻለሁ ማለት ነውር አይደለም እኮ።»

የአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጀርባው የቴሌቪዥኑ ጩኸት ይሰማታል፤ የብርዱ ሊግ ጨዋታ እየታየ ነው። ሰውነቷ ሁሉ ያማታል። ለአንድ አፍታ ያ ካፖርት ታያት፤ ሞቃትና ደረቅ።

«ኮች አዩት?» አለች።

የመለሰላት ፋርማሲስቱ ነው፤ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ። «እዚህ መጥተው ነበር። በኔ ስልክ ነው ያዩት። ሦስተኛው ሲገባ ተነሥተው ሄዱ።»

«እስከ ሦስተኛው ቆዩ?»

«ቆዩ።»

«ደህና» አለች። «ወንድም ጋሼ፣ ሁለተኛው ጎል ሲገባ የት ቆሜ ነበር?»

«እ?»

«ራሴን አላየሁም። ካሜራው ከላይ ነበር። የት ቆሜ ነበር?»

«እኔ እንጃ… ኳሷን ነው ያየሁት።»

«መልሰህ ክፈተው። ኳሷን ተዋት፣ እኔን እይ።»

«ብርዱን ምን ልበላቸው?»

«እንዳትደውልላቸው። እኔን እይ።»

መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ወንድሟ ፋርማሲስቱን ስልክህን አምጣ አለው፤ ባለታክሲው ከጎኑ «ከዚህ በፊት ነው፣ ወደ ኋላ መልሰው» ይላል። በጣም ቆዩ።

«መስመሩ ላይ ነሽ» አለ ወንድሟ በመጨረሻ። በሥራ ላይ ሲሆን የሚኖረው ድምፅ ነበር፤ የሰው ጆሮ አጠገብ በመቀስ ሲደርስ የሚኖረው። «ልጅቷ ከክንፍ ስትመታትም መስመሩ ላይ ነሽ። ኳሷ ስትዞር ወደ ኋላ ሄድሽ።»

«ወደ ኋላ?»

«አንድ እርምጃ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ወደ ኋላ ነው የሄድሽው።»

ተነሥታ ቆመች። በጠባቡ ክፍል ውስጥ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፤ ጉልበቷ የአልጋውን ብረት ነካ። ነፋሱ ኳሷን እስኪያዞራት መጠበቅ አልነበረባትም። ሳትዞር ሄዳ መቀበል ነበረባት።

«ሦስተኛውንስ?»

«ቆይ» አለ ወንድሟ፤ ከዚያ ከስልኩ ርቆ ጮኸ፦ «ኧረ እባካችሁ ያንን ቴሌቪዥን ዝጉልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

ጩኸቱ ተቋረጠ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አየው። እጇ ቀድሞ እንደተዘጋ ነገራት፤ ኳሷ ሳትደርስ። እሱን ታውቀው ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይረጋገጣል።

«ኮች ቅዳሜ ይመጣሉ?» አለች።

«ጢማቸው በሳምንት ያድጋል። ይመጣሉ።»

«ስልኩን ፊታቸው አቁመው። እንዳይነሡ የማደርጋቸው እኔ ነኝ።»

ከውጭ ጋጋሪዋ በኳስ የተሞላ መረብ ትከሻዋ ላይ ጥላ ስሟን እየጠራች ነበር። የሜዳው ጥግ ባንዲራ እንጨቱ ላይ ተወጥሯል፤ ነፋሱ አልበረደም።

«አራተኛውን ነገ ንገረኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ጓንቷን በጥርሷ አጥብቃ ወጣች።