የገብረ መድኅን ወተት

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አለች ጥሩወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዳሃቦ በየጠዋቱ በጓሮ በር ትገባ ነበር። የግመል ወተት ይዛ! ዳዊት ደጋሚው ሰውዬ እሱን ጠጥቶ ሞተ።»

ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤቶች አማተቡ። የሟች ልጅ የኔነሽ ለለቀስተኛው ንፍሮ ታዞር ነበር። ሳህኑን አስቀመጠች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ የሚወራ ነገር ካለ ለእኔ ይንገሩኝ። አባቴን የገደለው የአንጎል በሽታ ነው። አልዛይመር ይባላል። ምሥራቅ ጀርመን የምማረውም እሱኑ ነው።»

«ጃጅቶ ነው እንጂ ልጄ፣ ለመጃጀት ደግሞ ምን የፈረንጅ ስም አስፈለገው?»

«እርጅና ቢሆን ኖሮ እርስዎም የቤትዎ መንገድ ይጠፋብዎት ነበር።»

አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጥሩወርቅ ፊቷን አዞረች፤ «ሶሻሊስት አገር የተማረ የረከሰውን ከምን ያውቀዋል!»

የኔነሽ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። እናቷ በለጠች ግን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«እውነቷን ነው» አለች በለጠች። «አጠጥቼዋለሁ።»

አምና የኔነሽ ለዕረፍት መጥታ ሳለ እራት ላይ ስለ ምርምሯ አውርታ ነበር። ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ የአንጎል ግንድ በሚባለው ክፍል፣ እንቅልፍና ንቃትን የሚያዙ ሕዋሳት እንዳሉ፣ ካልሲየምን የሚይዝ ፕሮቲን በውስጣቸው እንደሚገኝ፣ ይህ ፕሮቲን ከበሽታው ጋር ምን እንደሚያገናኘው እየፈተሹ እንደሆነ ተናገረች። በለጠች ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ያዘች፤ ካልሲየም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጤና ረዳቱን ጠየቀችው። «ወተት ውስጥ ነው ያለው» አላት። በዚያ የድርቅ ዓመት የላም ወተት ጠፍቶ ነበር። ከመጋላ ገበያ የሚመጣው የሶማሌዋ የዳሃቦ የግመል ወተት ብቻ ነበር።

ሟቹ ገብረ መድኅን ባቡር ጣቢያ የጭነት ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። መጀመሪያ የሄደው እንቅልፉ ነው፤ ከዚያ የሰው ስም። በየማለዳው የባቡር ቆቡን ደፍቶ «ፉርጎው ሳይራገፍ!» እያለ ወደ በሩ ይሮጥ ነበር። በለጠች አስቀምጣ ኩባያውን ትይዝለታለች፤ ሲጨርስ ጢሙ ላይ የቀረውን አረፋ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» ይላታል፣ እንደ እንግዳ። አንድ ጠዋት ግን ቀና ብሎ አያት፤ «በለጡ» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ወተቱን አስታጉላው አታውቅም።

«ታዲያ ለምን ሞተ?» አለች አሁን። «አንሶበት ነው?»

የኔነሽ ደሟ ፈላ። «እማዬ! አንሶት አይደለም፤ ተቃራኒው ነው! ሕዋሱን እንደ ጣቢያ አስቢው። ካልሲየሙ ጭነት ነው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ተሸካሚ። ጭነት ካልገባ ሥራ የለም። ተሸካሚዎቹ ካለቁ ግን ጭነቱ ይከመራል፣ ጣቢያው ይታፈናል። እኛ የምንጠረጥረው ይኼንን ነው። የሚገድለው መብዛቱ ነው!»

በለጠች እጆቿን አየቻቸው።

«በላዩ ላይ ስጨምርበት ነበራ!»

የኔነሽ ክርክሩን እንደረታች፣ ምን እንዳደረገችም ያን ጊዜ ገባት። «አይደለም፣ እማዬ… በአፍ የገባ ወተት እንደዚያ ሄዶ አንጎል ውስጥ አይከመርም። ሰውነት መጥኖ ነው የሚይዘው…»

በለጠች አትሰማትም። «አርክሼውም፣ ገድዬውም» አለች ለራሷ። «ለንስሐ አባቱ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

«ሆዲ! ሆዲ! ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከጓሮ በር ተሰማ። ዳሃቦ የወተት ዕቃዋን አቅፋ ገባች።

«አብሽሪ በለጡ። አላህ ያጽናሽ።»

«ዳሃቦ፣ ያንን ወተት መልሰሽ ውሰጂልኝ። ሰውዬዬን ያልለመደውን አጠጥቼ አረከስኩት።»

ዳሃቦ ዕቃውን መሬት አኖረች። «ያልለመደውን? አንቺ ነሽ ያስጀመርሽው? ወላሂ አታስቂኝ፣ ለቅሶ ቤት ነኝ! ጣቢያው በር ላይ ስሸጥ ያን ሁሉ ዘመን ጠጥቷል፤ ከተሸካሚዎቹ ጋር ቁጢጥ ብሎ። ረቡዕና ዐርብ ብቻ ይተዋል፣ ጾም ነው ብሎ። ‹ለበለጠች እንዳትነግሪ፣ ከቤት ታባርረኛለች› ይለኛል። አቦ! ይኸው ምስጢሩን አሸክሞኝ ሄደ።»

የበለጠች ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የኔነሽ ልታቅፋት ስትጠጋ እናቷ እየሳቀች ነበር።

«ሎሚ! ማታ ማታ አፉ ሎሚ ሎሚ የሚሸተኝ የወተቱን ሽታ ሊያጠፋ ኖሯል! እኔ ሞኟ ለሙቀቱ የሚመጠው መስሎኝ ነበር…» ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ። ሲበርድላት ልጇን አየቻት። «በስሜ የጠራኝ ቀንስ? ወተቱ ነው?»

በዚህ በሽታ አንዳንድ ብሩህ ጠዋት እንዲሁ ይመጣል፤ እንደሚመጣ የሚያስረዳ ብዙ ጥናት የኔነሽ አንብባለች። ለምን ያን ጠዋት እንደመጣ ግን የትኛውም ጥናት አይነግራትም።

«አላውቅም፣ እማዬ» አለች።

የአባቷን ኩባያ ከመደርደሪያው አነሳች። ከዳሃቦ ዕቃ እስከ አፉ ሞላችው፤ ይዛው ወደ ድንኳኑ ወጣች። ጥሩወርቅ ፊት ቆማ ወተቱን እስከ ታች ጠጣችው።

በለጠች ከኋላዋ መጣች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ የልጇን የላይ ከንፈር ጠረገችላት፤ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ፣ ቀስ ብላ፣ ጢም እንዳለበት ሁሉ።