ሃያ አራቱ ቃላት

ቆቦ ውስጥ እኔ ያልፈታሁት ስልክ የለም። ጉራ አይደለም፤ መናኸሪያው አጠገብ ሄዳችሁ «ፍሬሰላም የምትባል ጠጋኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ታሂር ያን ሰኞ ጠዋት ባንኮኒዬ ላይ ያስቀመጣት ነገር ግን ስልክ አልነበረችም። አውራ ጣት የምታህል፣ ትንሽ መስታወትና ሁለት ቁልፍ ያላት ጥቁር እቃ ናት።

«ደግሞ ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«የአራት ዓመት ልፋቴ ናት» አለኝ።

ታሂር የዋጃ ልጅ ነው። ሳዑዲ ሠርቶ፣ ከደሞዙ በተረፈው ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ እየገዛ አጠራቅሞ፣ ቁልፉን በዚህች እቃ ይዞት መጥቷል። አሁን ለሽንኩርት ማሳው የውኃ ፓምፕ ሊገዛበት ይፈልጋል። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ረስቶታል፤ ሁለቴ ሞክሮ ሁለቴም ተሳስቷል። አንድ ሙከራ ነው የቀረው። «ካልተከፈተች» አለ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «በመጪው ወር በአፋር በረሃ አድርጌ እንደገና ባሕሩን እሻገራለሁ። ደላላውን አናግሬዋለሁ።»

ስንቱን የአገሬን ልጅ ስለበላው ስለዚያ ባሕር መስማት አልወድም። እቃዋን ሳያት ግን ልቤ ተሰቀለ፤ እንዲህ ያለች ነገር እጄ ገብታ አታውቅም።

«መጀመሪያ ከላፕቶፑ ጋር የሚያነጋግራት ፕሮግራም ይጫናል» አልኩት፣ እንደሚያውቅ ሰው። ስፈልገው ኢንተርኔቱ የሚመሳሰሉ ሦስት ገጾች ደረደረልኝ። ሁለቱ የሌባ ቢሆኑስ? የተገዛችበትን ካርቶን ከታሂር ተቀብዬ ጎኑ ላይ የታተመውን አድራሻ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። አውርጄ እስክጭነው መብራት አንዴ ጠፋ፣ ኔትወርኩም እንደ አህያ አልሄድም ብሎ ቆመ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ተከፍቶ እቃውን ሰኩ አለኝ። ሰካሁ። ዝም። ነቅዬ ሰካሁ። አሁንም ዝም። ግማሽ ሰዓት ታሂርንም፣ እቃዋንም፣ የሠሯትንም ሰዎች ስረግም ቆይቼ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ፤ የሰካሁበት ኬብል ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ርካሹ ነበር። በሌላ ስሰካት መስታወቷ ቦግ አለ፣ ፕሮግራሙም አወቃት። ደስታዬን አልደብቅም።

ታሂር «ቢስሚላህ» ብሎ ቁልፎቹን ተጫነ። ተሳሳተ። እቃዋ ያለባትን ሁሉ ደምስሳ ባዶ ሆነች።

ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ላፕቶፑ ላይ የመጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። ገንዘቡ ለካ እቃዋ ውስጥ አይደለም ያለው። መጀመሪያ ስትከፈት የምትሰጣቸው ሃያ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፤ እነሱን በተራቸው ያስገባ ሁሉንም ያገኛል። «ወረቀት ላይ ጽፈሃቸዋል?» አልኩት።

«ጽፌ ለእናቴ በሰው ልኬላት ነበር። ለማንም አታሳዪ ብዬ።» ወጥቶ ደወለላት። ሲመለስ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎበት ነበር። «ክታብ አድርጋ አሰፍታዋለች» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቱ እትዬ ዓሊማ፣ የአምስት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ሂባን ይዘው ከዋጃ በሚኒባስ መጡ። በቆዳ የተሰፋችው ክታብ ልጅቷ አንገት ላይ ናት።

«በማላውቀው ፊደል የተጻፈ ወረቀት ልኮ ለማንም አታሳዪ ሲለኝ፣ የትልቅ ሸህ ጽሑፍ መስሎኝ ነዋ» አሉ። «ሂባን ያኔ ትኩሳት አልለቅ ብሏት ነበር። ካሰርኩላት ወዲህ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልታመመችም። ክታብ ደግሞ ተፈቶ ከታየ ኃይሉ ይሄዳል።»

ልስቅ ነበር። ግን ላፕቶፑ ላይ በቀይ የተጻፈውን አየሁ፤ ቃላቱን ለማንም አታሳዩ፣ ያያቸው ሁሉ ገንዘቡን ይወስዳል ይላል። እሳቸው ልክ በደንቡ ነበር የጠበቁት። ይህን ስነግራቸው «እና እኔ ምን አልኩ?» አሉኝ።

«እማ፣ ስጭኝ» አለ ታሂር። «ካልተከፈተ ተመልሼ መሄዴ ነው።»

መሄዱን ገና መስማታቸው ነበር። ከዚያ ክታቡን ከሂባ አንገት አወለቁና በጡጫቸው ጨበጡት።

«ማልልኝ» አሉት። «ተከፈተም አልተከፈተም፣ ብዙም ሆነ ትንሽ፣ ያን ባሕር ላትሻገር ማልልኝ።»

«እማ፣ እሱማ...»

«ይችን ልጅ ያለ ጠባቂ አስቀርቼ ነው የምሰጥህ። በነጻ አይደለም።»

ታሂር ባዶዋን እቃ አነሳና መልሶ አስቀመጣት። «ወላሂ» አለ በመጨረሻ፣ «አልሄድም።»

እትዬ ዓሊማ ስፌቱን በጥርሳቸው በጠሱት። እሱ ቃላቱን በእቃዋ ቁልፎች ሲያስገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ማየት እንዴት እንዳማረኝ እግዜር ያውቃል። አላየሁም ግን።

«ሃያኛውን ላብ አጥፍቶታል፣ የሚነበበው የመጀመሪያው አራት ፊደል ብቻ ነው» አለኝ።

«አራቱ ይበቃታል፣ በመጀመሪያ አራት ፊደላቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት የሉም ሲል አንብቤያለሁ፣ ቀጥል» አልኩት ከግድግዳው ሳልዞር።

ቀጠለ። የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ሲያበቃ ዞርኩ። ተከፍቷል። «ስንት አለ?» የሚለው ከአፌ አመለጠኝ።

«የገዛሁት ነገር ዋጋው ወድቋል» አለ። «ፓምፕ አይገዛም። ግማሹንም አይገዛም።» እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። ለደላላው ሊደውል እንደሆነ ሦስታችንም አውቀናል።

እናቱ እጁን ያዙት። «ምለሃል» አሉት።

ታሂር ስልኩን ባንኮኒው ላይ ተወው። ግንባሩን እናቱ ትከሻ ላይ ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ምያለሁ፣ እማ» አለ።